በአንድ ጀልባ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት

መካነ ሰላም፣ መስከረም 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ሙሐመድአሚን፣

ስድስት ወር ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ አልጠይቅህም። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። በሁለተኛው «የፊቱን ሸራ የሚይዝልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ውድድሩ ጥቅምት ላይ ይጀመራል፤ ትመጣለህ ወይ?» ብለሃል። እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ያለፈውን የውድድር ወቅት እኔ እንዴት እንደማስታውሰው ስማ። እያለቀስኩ ብጽፈው ደግ ነበር። አልመጣልኝም።

ባሕሬን ውስጥ የሰው ጀልባ የምናጥብ፣ ሸራ የምናጥፍ ሁለት የወሎ ቦረና ልጆች ነበርን። ባሕር ያየነውም፣ መዋኘት የተማርነውም እዚያው ነው። የክበቡ አሰልጣኝ ተወዳዳሪ ሲጎድልበት ያቺን ባለ ሁለት ሰው አሮጌ ጀልባ ሰጠንና «ሞክሩ» አለን። አንተ መሪውንና ትልቁን ሸራ ያዝክ፣ እኔ የፊቱን። ነፋስ ሲበረታ ጠርዙ ላይ ተቀምጠን፣ እግራችንን ቀበቶው ውስጥ አስገብተን፣ ወደ ውጭ ተንጋለን በክብደታችን እናቃናት ነበር። ነፋሱ ሲዞር ቀድመን ማወቃችን አሰልጣኙን ሲገርመው፣ አውድማ ላይ ምርት ስናዘራ ማደጋችንን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልታስረዳው ሞከርክ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች ከአሥራ አራት ጀልባ አሥራ ሦስተኛ ወጣን። «አብሽር፣ ገና ነው» አልከኝ።

ኅዳር ላይ ተለወጥክ። ከሥራ በፊት «እንውጣ»፣ ከሥራ በኋላ «እንውጣ»፣ ዓርብ በዕረፍታችን «እንውጣ»። ውሃው ላይ የምትንሳፈፈውን የመዞሪያ ምልክት መዞር ብቻ በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ አስደጋገምከኝ። እጄ በገመዱ ተልጦ ስጮህብህ ቀና ብለህ አላየኸኝም። ዓርብ ወደ ቤት የምደውልበት ቀን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ባሕር ላይ እያለን ይመሻል፤ የአጎቴ የአለምነው ሱቅ ይዘጋል፤ ሌላ ስልክ የለም። ሁለት ጊዜ አምልጬህ ደወልኩ። አጎቴ አንዴ «አስቻለች ለሠርግ ወግዲ ወርዳለች» አለኝ፤ አንዴ ደግሞ «ገበያ ናት»። ያሳደገችኝ እህቴ ናት፤ ቤት የማትውል መሆኗን ስለማውቅ አመንኩት።

እንዲህ ስንሠራ ስድስተኛ ወጣን፣ ከዚያ አራተኛ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሁለተኛ። ለአስቻለች አረንጓዴ ሻርፕ ገዝቼ ሳሳይህ «ያምርባታል» አልከኝና ልትታጠብ ገባህ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ጥር ላይ የሰሜኑ ነፋስ ገለበጠን። እኔ ሸራው ሥር ቀረሁ፤ ገመድ እግሬን ይዞኝ ነበር። ጠልቀህ ፈታኸኝ። ጀልባዋ ሆድ ላይ ጎትተህ አውጥተህ፣ አንገቴን አንቀህ ይዘህ፣ «አንተም ደግሞ? አንተም?» እያልክ ተንሰቀሰቅክ።

«ሌላ ማን ሰጠመ?» አልኩህ።

ፊትህን አዙረህ ጀልባዋን ማቃናት ጀመርክ። በዚያ ቀን ሌላ ጀልባም ተገልብጣ ስለነበር ስለ እነሱ የምታለቅስ መሰለኝ።

በመጋቢቱ የመጨረሻ ውድድር ከአንደኞቹ ጋር እኩል ነጥብ ይዘን ገባን። መጨረሻዋ ምልክት ጋ እነሱ ይቀድሙን ነበር። አንተ በግራ በኩል ውሃው ሲጠቁር አይተህ «አሁን!» አልክ፤ ዞርን፤ ነፋሱ እኛን ብቻ አገኘን። በአንድ ጀልባ ቁመት ቀደምናቸው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንተ ዋንጫውን ሰጠኸኝና «በል፣ አሁን አገርህ ግባ» አልከኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ «ይቅር በለኝ» አልክ። «ለምኑ?» ስልህ «ለጮህኩብህ ሁሉ።» የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

መካነ ሰላም በገባሁ ማግሥት ገና ጎህ ሲቀድ አጎቴ ቤት ተሰብስበው አረዱኝ። አስቻለች ሦስት ቀን ብቻ ታማ ኅዳር 11 ሞታለች። ከአሥሩ ውድድር ስምንቱን የተወዳደርኩት እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። አርባዋም አልፏል። ሴቶቹ እንደ አዲስ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ዋንጫውን የት እንደማስቀምጠው አስብ ነበር። «አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ» ይሉኛል። እስከ ዛሬም ይሉኛል።

«ሙሐመድአሚን ያኔውኑ ያውቃል» አለኝ አጎቴ። «አደራ ብለነው ነው። በየሳምንቱ እየደወለ ልንገረው፣ አልቻልኩም እያለ ለምኖናል። እኛ ነን እምቢ ያልነው።» ይህን ከሰማሁ በኋላም አልጻፍኩልህም። ቂም አልነበረም። ምንም አልነበረም።

አሁን መልሱን ልስጥህ። እኔ አልመጣም፤ አንተ ና።

እናትህ እትዬ ሀሊማ በጠና ታመዋል። ጉበታቸው ነው። ነሐሴ ላይ ደሴ ወስደናቸው ነበር፤ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» ብለው መለሷቸው። ወንድምህ አሕመድኑር ክንዴን ይዞ «አደራ ይሄነው፣ እንዳይሰማ። ሥራውን በትኖ ይመጣል» አለኝ። እሺ አልኩት።

ባለፈው ዓርብ አጎቴ ሱቅ ስትደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«እማስ?» አልክ።

«ደህና ናቸው። ገበያ ወጥተዋል።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ነፋሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩህ፤ ነገርከኝ፤ ዘጋን። ውሸቱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ደንበኛ መጥቶ ሳሙና ሲጠይቀኝ ስኳር መዝኜ ሰጠሁት። አንድ ደቂቃ እንዲህ ካደረገኝ፣ አንተ አራት ወር ሙሉ ትከሻህ ትከሻዬን እየነካ እንዴት ቻልከው? በዚያች ጠባብ ጀልባ ውስጥ? ለመጀመሪያ ጊዜ አንተን አሰብኩ።

ስለዚህ የአሕመድኑርን አደራ አፍርሻለሁ። በስልክ ብሞክር ድምፅህን ስሰማ ደግሜ እዋሻለሁ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። የጎረቤታችሁ ልጅ ፋጢማ ዕረፍቷን ጨርሳ ነገ ወደ ባሕሬን ትነሳለች፤ በእጇ ትሰጥሃለች። ፓስፖርትህ ያለው ክበቡ ቢሮ ነው፤ በቀጥታ ለአሰልጣኙ ንገረው፣ ሰውየው ደግ ነው። ወንድምህ ቢቆጣ እኔን ይቆጣ።

ዛሬ ጠዋት ገብቼ እናትህን ጠይቄአቸዋለሁ። አጥሚት ሁለት ማንኪያ ቀምሰዋል። «ረመዳን ደረሰ፤ ዘንድሮ መጾሜ እንጃ» አሉኝ። ስምህን አልጠሩም፤ ሰው በገባ ቁጥር ግን ቀና ብለው በሩን ያያሉ።

በሕይወት ትደርስባቸዋለህ ብዬ ቃል አልገባልህም። ብትደርስ አልሐምዱሊላህ። ባትደርስም ወዴት እንደምትሄድ እያወቅክ ትመጣለህ፤ እኔ ያጣሁት ይህን ማወቅ ነው። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ የደሴው አውቶቡስ ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ።

ይሄነው