ስምንተኛው ዘፈን

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 1981

ሰባት ዘፈን አይበቃም አለ ሰይፉ። «ጋሽ ደሱ፣ ካሴት ሁለት ፊት አለው። አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። ጫፉ ባዶ የቀረ ካሴት ማን ይገዛኛል?» እውነቱን ነው። ካሴት አሳታሚው እሱ ነው። የመቅጃ ዕቃውን ጭኖ ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ የመጣው ለእኔ ብሎ ነው። ከተማው ዳር ባዶ የእህል መጋዘን አግኝቶ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። እሑድ ይመለሳል።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለቱን ከባንድ ጋር ዘፈንኩ፤ መጀመሪያ ሆቴል ቤት፣ በኋላ በኪነት ቡድን። አምቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያጓራ የሰማ ሁሉ «ሮኩ ደሱ» ይለኛል። ለብቻዬ ግን አንድ ካሴት የለኝም። ይህ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣም።

ሰይፉ «ያ የወንዙ ዘፈንስ?» አለኝ።

«ረስቼዋለሁ» አልኩት።

ማታ ለአልማዝ ነገርኳት። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ውሸት ስትሰማ ወዲያው ታርማለች። «ጢምህን ስትላጭ የምታንጎራጉረው ምንድን ነው ታዲያ?» አለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ቀኑን ሙሉ አዲስ ግጥም ልጽፍ ታገልኩ። ስለ አበባ ጻፍኩ፤ ቀደድኩ። ስለ መንገድ ጻፍኩ፤ እሱም ቀረ። ድምፄ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ማርና ሎሚ ጠጣሁ፤ ምንም አልፈየደም።

የወንዙን ዘፈን አልረሳሁትም። እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

ሁሉቃ ሞላብኝ፣ ማን ያሻግረኛል፤
ማዶ የምትጠራኝ መች ትጠብቀኛል።

ሁሉቃ የአምቦ ወንዝ ነው። ዜማውም ግጥሙም የገመቹ ነው። የባንዳችን ድራም መቺ ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ኖረናል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ታሰረ። በታሰረ በወሩ ለሰልፍ ዘፈን አዘጋጅ ተባልኩ። ፈርቼ ነበር፤ እሱ ሐሰት አይደለም። ግን በዚያ ዜማ አድርገው ያለኝ ሰው የለም። እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ ሕዝቡ የሚወደው ዜማ ስለነበር። «ሁሉቃ ሞላብኝ» የነበረውን «ሕዝቡ ሞልቶ መጣ» አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ተጨበጨበ።

ይህን ለአልማዝ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ነገርኳት። «ገመቹ ያለበት ጎጆ ከተማ ሩቅ አይደለም» አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ጎጆ ሄጄ መጣሁ። ደጋ ነው፤ ጣቶቼ አሁንም አልሞቁም።

ድንች ሊጭን በሚወጣ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱ አንጀት ያወጣል። ገመቹ ከእስር ከወጣ ጀምሮ እዚያ በአባቱ መሬት ላይ ያርሳል። አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።

በር ላይ ሚስቱን ጫልቱን አገኘኋት። «አከም ጅርታ፣ ኦቦ ደሱ» ብላ ሰላም አለችኝ። ስሜን ማወቋ አስደነገጠኝ። ገመቹ ከበጎች ማደሪያው ጀርባ ገብስ ያበጥራል። ጠራሁት፤ አልዞረም። ቀረብ ብዬ ጠራሁት። «በግራ አልሰማም፣ በዚህ በኩል ዙር» አለ። ከዚያ አየኝ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ዘፈኑን እፈልገዋለሁ፣ በራስህ ቃል፣ በስምህ፣ አልኩት። ሲያበጥር ቆየ። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው፤ ነገ አሳምሬው እንዳልገኝ።

«እስር ቤት አጥሩ ማዶ ድምፅ ማጉያ ነበር። አንድ ቀን ዜማዬን ሰማሁ። ደስ አለኝ። ጎኔ ለተቀመጠው ሰው፣ ጓደኛዬ ነው፣ አልረሳኝም አልኩት። ከዚያ ቃሉ መጣ።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ይህ ቃል አፌ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀምጦ፣ ሲወጣ ግን እንዴት ትንሽ ሆነ!

«ይመሽብሃል፣ ሂድ» አለኝ።

ጫልቱ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። «ድራም መቺ ነበር ሲሉኝ አላምንም ነበር፤ በቤታችን አንድ ቀን ጠረጴዛ እንኳ በጣቱ መትቶ አያውቅም» አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

አራት ዘፈን ቀዳን። ሁለቱ ጥሩ ናቸው። አንዱ ይቻላል። አንዱን ባልሰማው ይሻላል። ሰይፉ «ጊታሩን ቀንሰው፣ ሰው ግጥሙን ይስማ» ይላል፤ እኔ እጨምራለሁ፤ እሱ መልሶ ይቀንሳል።

ከሰዓት በኋላ የወንዙን ነገር አነሳ። «የሰልፉን ግጥም ዝፈነው። ሳንሱር ያለፈ ግጥም ነው፤ መርማሪዎቹ አይነኩትም። የድሮውን ካመጣህ ግን ጻፊው ታስሮ የነበረ ሰው ነው ይሉና ካሴቱ በሙሉ ይቀራል።»

እምቢ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ ራሴን ገረመኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ዝፈን ተብዬ እምቢ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። ሰይፉ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፤ ከዚያ ተወው። «እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ» አለ።

ሊነጋ ነው፤ አልተኛሁም፤ አልማዝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11

መጣ!

ሰባተኛውን እየቀዳን ሳለ የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ሰይፉ ተቆጥቶ ቴፑን አቆመ። ገመቹ ነው፤ ጋቢ ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ። ጫልቱ ገበያ ልትሸጥ ያመጣቻቸውን ሁለት በጎች ይዛ ውጭ ቆማለች።

ሰላም አላለኝም። የኪነቱን ድራም ዞር ዞር ብሎ አየውና «ማነው እንዲህ ያላላው?» አለ። ቁልፉን ተቀብሎ እያንዳንዱን አጠበቀ። ደህና የሚሰማበትን ጆሮ ወደ ጊታሩ ማጉያ አዙሮ ተቀመጠ። «ጀምር» አለ።

ጀመርኩ። አስቆመኝ። «ትሮጣለህ። ሰውየው ወንዝ ዳር ቆሟል እኮ፤ ወዴት ነው የሚሮጠው?» ሁለተኛም ሦስተኛም አስቆመኝ። እኔም ተናደድኩ፤ «ወንዙ እየሞላ ነው፣ እንቅልፍ አይደለም» አልኩት። ተጯጯህን። ሰይፉ ሊገላግለን ተነሳ፤ ልትሰማን የመጣችው አልማዝ በእጇ መለሰችው። እንደ ድሮው ነው የተጣላነው፤ ልክ እንደ ድሮው።

ሁለቱን አንጓ ዘፍኜ ልጨርስ ስል ገመቹ መምታቱን አላቆመም። «ሦስተኛ አለው» አለ። እስር ቤት ነው የጨመረው፤ በኦሮምኛ። ማዶ ያለችው መጣራቷን ትታ ተቀምጣ ትጠብቃለች ይላል። ልዘፍነው ሞከርኩ፤ ምላሴ አልተገራለትም። «እንግዲያው አንተው በለው» አልኩት።

ድምፅ የለውም። አንድ ቦታ ከዜማው ወጣ። ሰይፉ ግን የጊታሩን ድምፅ ሳይነካ ቀዳው። በሩ ላይ ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። አንዱ በግ ገመዱን አስለቅቆ ገበያው ድረስ ሄዷል፤ ማንም አላየውም። በኋላ ተገኘ።

እሑድ፣ የካቲት 12

ሰይፉ በጠዋት ቴፑን ይዞ ሄደ። የስምንቱን ግጥም አልማዝ በእጇ ገልብጣ ጽፋለታለች። በስምንተኛው ሥር «ዜማና ግጥም፣ ገመቹ» ይላል። ሰይፉ ሲያነበው ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልሰረዘውም። ይለፍ አይለፍ አላውቅም። መርማሪዎቹ ስምንተኛውን ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ። ሁሉንም ሊያስቀሩት ይችላሉ። ለብቻዬ የማወጣው ካሴት ላይ ሁለት ሰው ዘፍኗል፤ እሱንም ምን እንደሚሉት እንጃ።

ከተማ ያደሩትን ገመቹንና ጫልቱን እስከ መኪናው ሸኘናቸው። ጭነቱ ላይ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ በሚሰማበት በኩል ዞሬ «ይቅር አልከኝ ወይ?» አልኩት። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ነበር፤ አልሰማኝም መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና «ድንች ስናወጣ ና፤ ሰው ያንሰናል» አለኝ።

ድንቹ መቼ እንደሚወጣ ሳልጠይቀው መኪናው ሄደ። አልማዝን ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም። ነገ ወጥቼ ከጎጆ የመጣ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ።