በበየነ ፊልም ላይ የጻፍኩት

ዲላ፣ እሑድ የካቲት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጎረቤቴ በየነ ዘመዶቹን በተዋናይነት አሰልፎ የሠራውን የነፍሰ ገዳይ ፊልም ዛሬ ቪዲዮ ቤት አሳየን። ከተወደደለት ሁለተኛ ሊቀርጽ አስቦ ነበር። ሲያልቅ የአስተያየት መዝገቡን ይዞልኝ መጣ።

"ጋሼ፣ ደራሲ እያለ ማን ይቀድማል?" አለኝ።

"ደሙ ቀለም ነው፤ ገዳዩም ከሟቾቹ የባሰ ፈሪ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ "ከላይ ባለው ሐሳብ እስማማለሁ" እያሉ ፈረሙ። አንዲት ተማሪ ብቻ "እኔስ ፈርቼ ነበር" አለች። ሳቁባት፤ እሷም ፈረመች።

እኔም ፈርቼ ነበር። በፊልሙ ሬኮ የተባለው ገዳይ ቡና ማጠቢያው ቦይ ዳር ተቀምጦ እጁን ቀስ ብሎ ሲታጠብ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ይህን ልጨምርበት ብዬ መዝገቡን ብጠይቀው በየነ አልሰጠኝም።

"ተወው ጋሼ፤ ካሜራው ለሠርግ ይሆናል" አለኝ።