ከፍላሹ የጠፋው ፈረሰኛ

ሰኞ

ፊልም ኃጢአት ነው ብዬ የሰው ፍላሽ አላጠፋሁም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሦስት ሴቶች ይህንኑ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ሐሰት ነው። ኃጢአት ነው አላልኩም፤ የማይረባ ነው አልኩ። ልዩነት አለው።

የሆነው ይህ ነው። ጎረቤቴ ዘውዴ ስለ አንድ የተኩስ ፊልም ወር ሙሉ አደነቆረችኝ። አተራረኳ የተዘበራረቀ ስለሆነ ራሴ አይቼ ላርማት ፈለግሁ። የራሴ ስለሌለኝ ቅዳሜ ፍላሿን ተዋስኩ። ፊልም የሚጭን ቤት ወስጄ ፊልሙን አስጫንኩ። እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥኔ አይቼ ወዲያው መለስኩ። ምን እንደጠፋባት እንኳ አላውቅም።

ስለ ፊልሙ፦ አንድ ሰው ብቻውን ሕንፃ ሙሉ ሰው ይፈጃል። ስድስት ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሳይሞላ ሃያ ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ቆጥሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ፍንዳታ ሸሚዙ አልቆሸሸም። በአማርኛ የሚተርክበት ሰውዬም ተዋናዩ ዝም ሲል እሱ ያወራል። ዘውዴ ይህን አይታ ነው ያለቀሰችው!

ማክሰኞ

ዘውዴ ደጄ ላይ ቆማ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች።

«አንቺ ድሮም የሚስቅ ሰው አትወጂም! የፈንታን ሳቅ ምን አደረግሽው?»

ለካ ፍላሹ ላይ ሟቹ ባሏ ፈንታ ነበረ። በፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲጋልብ የተቀረጸ። «ፎቶው ላይ ሁሉ እንደ ዳኛ ተኮሳትሯል፤ ሲስቅ ያለኝ እዚያ ብቻ ነበር» አለች።

«እንዲህ የከበረ ከሆነ በማንም እጅ በሚዞር ፍላሽ ለምን ታስቀምጪዋለሽ?» አልኳት። ትክክል ነበርኩ። ስትሄድ ነጠላዋ መሬት ይጠርግ ነበር፤ አላነሳችውም።

ጥፋቱ የፊልም ቤቱ ነው። ነገ አፋጥጠዋለሁ።

ረቡዕ

ፊልም ጫኙ ጎልማሳ ነው። ጢሙን ይንከባከባል፤ ጠረጴዛውን ግን አይወለውልም። «የሰው ንብረት አጥፍተሃል» አልኩት። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም።

«እማማ፣ ፍላሹ ሞልቷል ብዬዎት አልነበር? አነስ ያለውን ቅጂ ልጫንልዎት፣ ቦታ ይበቃዋል ስልዎ፣ ፊት የማይለይበት አልፈልግም፣ ጥራት ያለውን ጫን አሉኝ። ታዲያ ያለው ይጥፋ ወይ ስልዎ፣ አጥፋው አሉኝ።»

ብያለሁ። አነጋገሬን ሳይቀር አስታወስኩት።

አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ታይፕ ስመታ ያላነበብኩትን ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። ቅዳሜ ግን «ምን አለበት?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ያውም ለዚያ ከንቱ ፊልም ቦታ ለመልቀቅ። ፈንታ እኮ ነፋስ ጣሪያዬን የገነጠለ ጊዜ ሳልጠራው መጥቶ ቆርቆሮውን የመታልኝ ሰው ነው። ያን ቀንም «ሚስማሩ ጠመመ» ብዬ አርሜዋለሁ። ሳቀብኝ።

በዓሉን የቀረጸው ሰው ዳንግላ ከተማ ነው አሉ። ዋናው እሱ ዘንድ ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል። ስልኩን ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም።

ሐሙስ

ዘውዴ በደጄ አለፈች። ሰላም አላለችኝም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አሁንም «ለጽድቅ ብላ ነው ያጠፋችው» እያሉ ነው። አንዷማ አደነቀችኝ፤ «እንኳን አጠፉት!» አለችኝ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከሰኞ ጀምሮ ካናደደኝ ሁሉ በለጠ። ወሬው ከእውነቱ ያማረ ነው፤ ፊልም ጫኙም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ነገ፦

1. በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳንግላ መሄድ። ቪዲዮውን ካገኘሁ ምንም ሳልናገር ለዘውዴ መስጠት።

ይህን ሰረዝኩት። ሰርዞ መጻፍ አልወድም። ይሁን።

1. የዘውዴን በር ማንኳኳት። ሳልቀመጥ «አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት።
2. ዳንግላ። ከፈቀደች አብረን፣ ካልፈቀደች ብቻዬን።
3. አብራኝ ከሄደች፣ መንገድ ላይ ያንን ፊልም እንደገና ብትተርክልኝ አለማረም።