ላስቲኩን ላጥሁት

የዝናሽ አባት፣ ካለህበት ሰላም ይድረስህ።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ዘንድሮ ዝናቡ ለሰቆጣ አልነፈጋትም፤ ጓሯችን እንኳ ለምልሟል። የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አውጥቼዋለሁ፤ ብርሃኑ ይሻለኛል፣ አላፊ አግዳሚውም ያጫውተኛል። የዛሬው ግን የደስታ ደብዳቤ ነው። ልጅህ አግብታለች፤ ጉልበታችንንም ስማለች። ግራ እንደሚገባህ አውቃለሁ፤ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ዝናሽ ዱባይ ሳለች አንድ የላስታ ልጅ አገኘችና እዚያው በቁርባን ተጋቡ። እሷ ለመምጣት ፈቃድ አላገኘች፣ እኔ መሄጃ የለኝ። ሰርጉ አማረ አሉ፤ እሷ ግን በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች። "እማ፣ ሳልመረቅ እኮ ነው ያገባሁት" ትለኛለች። በስልክ ልመርቅሽ ስላት ደግሞ፣ የምልክልሽ ነገር አለ፣ እሱን ሳታዪ አይሆንም ብላ ድርቅ አለች። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ አንተው ታውቃለህ። ወንድምህ ካሣም ከጋዝጊብላ ለገበያ በመጣ ቁጥር "ያልተመረቀ ትዳር ምን ይበጃል?" እያለ ሆዴን ያባባዋል። አንተም ታመህ ሳለህ የቆጨህ የሷን ሰርግ አለማየትህ ነበርና፣ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ።

ኋላ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከዱባይ ለዕረፍት ስትመጣ፣ ዝናሽ ካርቶን አስይዛ ላከችልኝ። ውስጡ አንድ ስልክና አንድ ትልቅ ጥቁር መነጽር አለ፤ መነጽሩ የብየዳ ሠራተኛ ዓይኑ ላይ የሚያጠልቀውን ይመስላል። ስልኩን ከፊቱ ባለው ኪስ ትከቺዋለሽ፣ መነጽሩን ታጠልቂያለሽ፣ ከዚያ ሰርጉ መሐል ቁጭ ትያለሽ፤ በዞርሽበት ሁሉ ይታይሻል ብላ በስልክ አስረዳችኝ። በዚህ ቤት ዕቃ መክፈት ያንተ ሥራ ነበር። እኔማ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስፈራው ሰነበትሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ካሣና ጎረቤታችን ወርቄ ባሉበት ከፈትሁት። ማሰሪያው ሰፋኝ፤ በመርፌ ጠበብ አደረግሁት። ስልኩን ከትቼ አጠለቅሁ። ጉም! ነጭ ጉም ብቻ፤ በውስጡ ሰው እንደ ጥላ ውር ውር ይላል። አወለቅሁ፣ ወለወልሁ፣ ደግሜ አጠለቅሁ፤ ያው ጉም። ወርቄም ሞከረች፣ ካሣም ሞከረ። በመጨረሻ ካሣ "ተበላሽቷል፤ እግዜርም አልፈቀደው ይሆናል፣ መልሰሽ ላኪላት" ብሎ ካርቶኑን መዝጋት ጀመረ። ልጄ እዚያ ምርቃቷን እየጠበቀች እኔ ካርቶን ልመልስላት?

መነጽሩን ከእጁ ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን ወሰድሁት። መስተዋቱን በጥፍሬ ዳሰስ ሳደርገው ጠርዙ ብድግ አለ። ለካ ላስቲክ ነው! ምን ይደረግ፣ አንተ ቤት ላስቲክ ተልጦ ያውቃል? ለሚሊኒየሙ የገዛኸው ቴሌቪዥን ሪሞቱ ዛሬም ላስቲኩን እንደለበሰ ነው፤ ቁጥሩ ስለማይታይ በግምት እንነካዋለን። ሶፋችንም እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ሲንኮሻኮሽ፣ አንተ "አዲስ ዕቃ አዲስነቱ ይቆይለት" እያልህ ስትከራከረኝ ኖርህ። ሦስታችንም የመነጽሩን ላስቲክ የዕቃው ገላ አድርገን ከላይ ከላይ ስንወለውል ነበር። አትቆጣኝ የኔ ጌታ፣ ሁለቱንም የመነጽር መስተዋቶች ላጥኋቸው።

ሳጠልቀው ዱባይ ገባሁ! አዳራሹ መብራት በመብራት ነው፤ በግራም በቀኝም የአገር ልብስ የለበሰ ሰው ያጨበጭባል። ዝናሽ ከባሏ ጋር በቀጥታ ወደኔ መጣች። ዝቅ ብዬ ሳይ የተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ስትሄድ የወሰደችው የኔ ነጠላ ተነጥፏል፤ ለካ ካሜራውን በኔ ቦታ አስተክላዋለች። ሁለቱም ተደፍተው ነጠላዬን ሳሙ። እኔም ሁሉን ረስቼ ጉልበቴን ገጥሜ፣ እጄን ዘርግቼ ላነሣት ስል አንድ ራስ ጨበጥሁ። የካሣ ነበር። "ኧረ ልቀቂኝ ሴትዮ!" ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ቀኜ ሄዱ። አብሬ ዞርሁ። አጠገቤ ሌላ ወንበር አለ፤ እላዩ ላይ ያንተ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጋቢውን ላኪልኝ ባለችኝ ጊዜ በዚያ ሐሩር ምን ይሠራላታል ብዬ ስቄባት ነበር። ልጅህ ጋቢህ ላይ ተደፍታ ቆየች። ባሏ ሊያነሣት ቢሞክርም አልተነሣችም። እኔም መነጽሩ ውስጥ አለቀስሁ፤ እንባዬ መስተዋቱን አጠበው።

ወርቄ በራሷ ስልክ ለዝናሽ ደውላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። መነጽሩን ሳላወልቅ፣ ዓይኔን ከወንበርህ ሳልነቅል ጀመርሁ። "አባትሽ እንዲህ ይልሻል" ብዬ ያንተን አስቀደምሁ፤ "ውለዱ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ በትዳራችሁ ሰው አይግባ።" ከዚያ የራሴን ጨመርሁ። "አሜን! አሜን! አሜን!" የሚለው ድምፅ ከዱባይ መጣ፤ የባሏም አለበት። ወርቄ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤት ሁሉ ምን ተወለደ እያለ ገባ። ካሣ ራሱን እያሻሸ ተነሣና እሱም በአገራችን ቋንቋ በኽምጠኛ መረቃት። ዝናሽ "እማ፣ አሁን አገባሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ትስቃለች።

እንግዲህ እረፍ። እኔ እስካለሁ በዚህ ቤት ምርቃት ሲመረቅ መጀመሪያ የሚጠራው ያንተ ስም ነው፤ የልጅ ልጆችህም እንዲሁ ሲባል እየሰሙ ያድጋሉ። የዝናሽ አባት፣ ልጅህን ድረሃታል።