የደበቅሽው ክንድ

ከእማዬ ቀጥሎ ለምፈራት፣ ከማንም አስበልጬ ለምወዳት ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ እትዬ? እንቅልፍሽ፣ ጉልበትሽ፣ ሳቅሽ ሁሉ እንዴት ነው? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ያያችሁ እያለች ቤቱን ማመሷን አልተወችም? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ናቸው? ልጅሽስ ሥራዋን እንዴት ይዛዋለች? አለቃዋን ማዘዝ ጀመረች ወይስ እስኪለምዷት ታግሳ ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬአለሁ፤ ናፍቆታችሁም ከኔ ጋር አብሮ እየወፈረ ነው።

መቼም ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትያለሽ። ያስጻፍሽኝ አንቺው ነሽ። ስለ ክንድሽ ባነሳሁ ቁጥር «ቆይ እማዬ ሰላም ትበልህ» ብለሽ ስልኩን ታቀብያታለሽ። እማዬ ደግሞ አንዴ ከያዘችው ከጎረቤት አጥር ጀምራ ካርዱ እስኪያልቅ አትለቅም። ወረቀት ግን ለማንም አታቀብይም ብዬ ነው። በይ በሩን ዝጊና ብቻሽን አንብቢው። አትደንግጪ፣ መጥፎ ወሬ የለበትም። ከደስታዬ ብዛት የቱን አስቀድሜ የቱን እንደማስከትል ጠፍቶኝ የጀመርኩትን ቀድጄ እንደገና የጀመርኩት ደብዳቤ ነው።

የልጅሽን የምርቃት ፎቶ ስትልኩልኝ አይቻለሁ እትዬ። ሁሉም ፊት ለፊት ቆሞ ጥርሱን ሲያሳይ አንቺ ግማሽ ሰውነትሽን ከጋሼ ኋላ አድርገሽ፣ በዚያ ሙቀት ሻርፕሽን እስከ ጣቶችሽ ጥለሽበት ቆመሻል። ከጡትሽ ቀዶ ጥገና በኋላ ክንድሽ ማበጥ ሲጀምር «ዋናው በሽታ ከወጣልሽ ይህንን ቻይው» አሉሽ፤ አንቺም ቻልሽው። የቀኝ እጅጌሽን እያስሰፋሽ፣ ሰው ሲሰበሰብ ጥግ እየያዝሽ፣ ይኸው ዓመታት አለፉ። እኔ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ተብዬ የኳስ ተጫዋች ባት ሳሽ እውላለሁ፤ የገዛ እህቴን ክንድ ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። አንጀቴን ሲበላኝ ነው የኖረው። የዚህ ሥልጠና ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ምሳዬን ትቼ ሮጬ የተመዘገብኩት ላንቺ ብዬ ነው፤ እንግዲህ ዛሬ አወቅሽው።

የምንሠለጥነው ሁላችንም ፊዚዮቴራፒስቶች ነን። ትምህርቱ እንዳንቺ ያለውን እብጠት፣ ሊምፍዴማ የሚሉትን፣ በእጅ ማከም ነው። ከደም ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ሰውነታችን ውስጥ በቀጫጭን መንገዶች ይሄዳል፤ በየንፍፊቶቹ በኩልም ያልፋል። አንቺ ከብብትሽ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ሲወጡልሽ መንገዱ ተዘጋ፤ ፈሳሹም መሄጃ ሲያጣ ክንድሽ ላይ ሰፈረ። እኛ እንግዲህ ያንን ፈሳሽ በእጃችን እያባበልን በሌላ መንገድ መሸኘት ነው የምንማረው። የገረመኝ ነገር፣ ሥራው የሚጀመረው ካበጠው ቦታ አይደለም። መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ደህነኛው ብብት፣ ከዚያ ደረትና ጀርባ፣ ክንዱ ላይ የሚደረሰው መጨረሻ ነው። አሠልጣኛችን «ከፊት የቆመው መኪና ሳይንቀሳቀስ የኋላውን ብትገፋው ምን ታተርፋለህ?» ይላሉ።

እሳቸው ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቁመታቸው ከደረቴ የማያልፍ ሴትዮ ናቸው፤ ሲቆጡ ግን ጣራው ዝቅ የሚል ይመስለኛል። መጀመሪያ ቀን ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዳችን በአንዳችን ክንድ ላይ ስንለማመድ፣ አጣማሪዬ ይህ ክንድ እኮ ነገም ያስፈልገኛል ብሎ ጮኸ። አሠልጣኛችን መጡና እጄን ገልብጠው አይተው «ይህ እጅ ነው ወይስ ዶዘር?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ዶዘር ሆኖ ቀረ። የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ደህና አደርክ ዶዘር ነው የሚለኝ፤ እናት አባቴ ያወጡልኝን ስም የሚያውቅ እዚህ የለም።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ፈሳሹ የሚሄደው ከቆዳ ሥር ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጫን ካልሽው መንገዱን ራስሽ ትደፍኚዋለሽ። ቆዳውን ለጠጥ ማድረግ፣ መልቀቅ፣ እንደገና ለጠጥ ማድረግ፣ ይኸው ነው። አሠልጣኛችን ክንድ ላይ ሶፍት ያነጥፉና ወረቀቱ ሳይቀደድ ከቆዳው ጋር ይሂድ ይሉናል። ሌሎቹ ወዲያው ገባቸው። እኔ የክፍሉን ሶፍት ጨረስኩት። ብጥስጣሹ ከእግሬ ሥር ተከምሮ ያየችው ጽዳት ሠራተኛ እዚህ ጋ ዶሮ ነው እንዴ የሚነጨው ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ምክንያቱም አሠልጣኛችን ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ እጄ ካልተገራ በሽተኛ እንደማያስነኩኝ፣ በሽተኛ ያላከመ ሰው ደግሞ ምስክር ወረቀት እንደማያገኝ ነግረውኝ ነበር። ቀልቤ ተገፈፈ። የኳስ ተጫዋቾቹ ጋ ብመለስ የሚቀርብኝ ነገር የለም፤ አንቺ ጋ ባዶ እጄን መመለስ ግን እንዴት ይሆንልኛል ብዬ ተጨነቅሁ።

ታዲያ በነጋታው እንደልማዴ ወረቀቱን ስቀድ አይተው «በቃ ተው። ልብስህን አውልቀህ ተጋደም» አሉኝ። ከወገቤ በላይ ራቁቴን ሆኜ አልጋው ላይ ተዘረጋሁ፤ እግሬ ከአልጋው ተርፎ ተንጠለጠለ። ክፍሉ በሙሉ ከበበኝ። እሳቸው እጃቸውን አንገቴ ላይ አሳረፉ። እኔ እንግዲህ አሁን ሊጀምሩ ነው፣ አሁን ሊጀምሩ ነው እያልኩ ስጠብቅ፣ እንቅልፍ ድብን አድርጎ ወሰደኝ። አኮራፋለሁ አሉ። በሳቅ ቀሰቀሱኝና እያፈርኩ መቼ ነው የሚጀምሩት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጨርሼ እጄን ታጥቤ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ አሉኝ።

አትስቂ እትዬ። እጄ እምቢ ያለውን ነገር ቆዳዬ ተረዳው። ያን ያህል ትንሽ መሆኑን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ከሰዓት በኋላ አጣማሪዬን አስተኛሁት፤ መጀመሪያ እየፈራ ነበር የተጋደመው፣ ወዲያው ግን አፉን ከፍቶ እንቅልፉን ለጠጠው። ሶፍቱም እንዳለ ነበር። አሠልጣኛችን ወረቀቱን አንስተው ወደ መብራቱ ይዘው አዩት፤ ትከሻዬን መታ አድርገውኝ አለፉ። ሰው አስተኝቼ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያማ በሽተኛ ሰጡኝ። የትምህርት ቤት መምህርት ናቸው፣ እንዳንቺው በቀኝ ክንዳቸው። ጠመኔ ይዘው ከሰሌዳው ወገብ በላይ መጻፍ ስለማይችሉ ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ ቀን ተናደዱብኝ፤ ይህን የሚያክል ሰውዬ እንደ ድመት ይዳብሰኛል እንዴ፣ ጫን በል እንጂ አሉኝ። የድሮው ዶዘር ቢሆን ደስ ብሎት ይጫን ነበር። እኔ ግን እማማ ይታገሱኝ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ፈሳሹን ካባበልነው በኋላ ክንዳቸውን ከጣታቸው ጀምረን በፋሻ ደራርበን እናስራለን፤ ታስሮ እያለም እንዲያንቀሳቅሱት እናደርጋለን። በየጊዜው በሜትር ስንለካ ክንዳቸው እየቀነሰ መጣ። አንድ ጠዋት እየሳቁ ገቡ። ልብስ ሰፊያቸው ጋ ሄደው ኖሮ፣ ይህን እጅጌ ስንት ጊዜ አስፋልኝ ሲሉኝ ኖረው ዛሬ ደግሞ አጥብብልኝ ይላሉ፣ ምን ተገኘ አላቸው አሉ። ይህን እየነገሩኝ እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር። እኔም ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ዶዘር ሲያለቅስ መታየት የለበትም።

ላታልልሽ አልፈልግም። ይህ ነገር ጨርሶ ነቅሎ አይወጣም። ሲቀንስም እንዳይመለስ ጠበቅ ያለ እጅጌ ማድረግ፣ ቆዳውን መጠበቅ፣ እንቅስቃሴውን አለማቋረጥ አለ፤ ዕድሜ ልክ የሚያዝ ሥራ ነው። ግን ይቀንሳል እትዬ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እስክመጣ ድረስ ማንም ክንድሽን አጥብቆ እንዳያሸው፤ ጎረቤታችን እንደልማዳቸው ልሽልሽ ብለው ቅባታቸውን ይዘው ሲመጡ አመስግነሽ ሸኛቸው። ከቀላና ካተኮሰሽ፣ ትኩሳትም ከያዘሽ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህን እንደ ታናሽ ወንድም እየለመንኩሽ ሳይሆን እንደ ባለሙያ እያዘዝኩሽ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ልዘዝሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትናንት ምስክር ወረቀታችንን ወሰድን። አሠልጣኛችን ሁሉም ሲወጣ አስቀሩኝና፣ ቀጣዩ ሥልጠና እኛ ከተማ፣ እናንተ ቤት ጀርባ ባለው ሆስፒታል እንደሚሰጥ ነገሩኝ። እሳቸው ያስተምራሉ፣ ተግባሩን የሚያሠራላቸው ሰው ግን ይፈልጋሉ፤ የመረጡት ደግሞ እኔን ነው። ደንግጬ እኔ እኮ የክፍሉ ጭራ ነበርኩ አልኳቸው። ለዚህ ነው የመረጥኩህ፣ ቶሎ የገባቸው እንዴት እንደገባቸው መናገር አይችሉም፣ አንተ ግን የምትሳሳትበትን ሁሉ ተሳስተህ ጨርሰሃል አሉ። ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ልቤ ግን ቅቤ ጠጥታ ወጣሁ።

ለትምህርቱ በሽተኛ ያስፈልገናል። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ፣ ሠልጣኞቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቀንስ የሚከታተሉት አንድ ክንድ። አሠልጣኛችን የምታውቀው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። አንቺን ሳልጠይቅ ስምሽን አላነሳም ብዬ ጠይቄ ልመለስ አልኳቸው። ይኸው ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅሁሽ።

ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከኛ እንኳ የደበቅሽውን ክንድ በሰው ፊት አውጪው ማለቴ ነው። የሚነኩሽ ሴቶቹ ሠልጣኞች ናቸው፤ መጋረጃ አለ፤ እኔ ከራስጌሽ ቆሜ ቀስ በሉ ከማለት በቀር ሥራ የለኝም። ደግሞ አስቢው፣ እነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች ከየቦታው መንገድ የሚጀምሩት እንዳንቺ ያለ ክንድ ፍለጋ ነው። አንቺ ላይ ተምረው ወደየመሥሪያ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ቻይው ተብላ የተሸኘች ሴት ሁሉ የሚያስታምማት እጅ ታገኛለች። እማዬ ሥራ ስትውል ያሳደገኝ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ መሬት ስይዝ ጎትቶ ያስነሳኝ፣ ያ ክንድ ነው። እወደዋለሁ። አንቺ ስታፍሪበት ማየት ነው የማልችለው።

እምቢ ብትይም አልቀየምሽም። ቀን በትራስ ላይ አስተምሬ፣ ማታ መኝታ ቤትሽን ዘግተን እኔና አንቺ ብቻ እንሠራለን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የወፈርኩት በልቼ ነው፣ እንዳትጨነቅ። ጋሼን እጅ ነስቻለሁ፤ ፎቶ ላይ ከፊትሽ ገለል ቢሉልን ደግሞ አመሰግናቸዋለሁ። ልጅሽን በሁለት ጉንጯ ሳሚያት፤ የመጀመሪያ ደመወዝ ግብዣዬን እንዳልረሳሁ ንገሪያት። ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ፤ ቅባታቸውን ለኔ ወገብ ያስቀምጡልኝ።

በሚመጣው ወር መጀመሪያ እገባለሁ። እንግዳ አድርጋችሁ ሶፋ ላይ እንዳታስቀምጡኝ። እጄን ታጥቤ በቀጥታ አንቺ ጋ ነው የምመጣው፤ አንቺም እሺ ያልሽ እንደሆነ ሰላም ከማለትሽ በፊት እጅጌሽን ሰብስበሽ ጠብቂኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሥልጠናው ክፍል፣ አልጋዎቹ ከታጠፉ በኋላ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ የካቲት ፲፮ ቀን