የማሞቂያው ክፍል ቀዳዳ

ጥር 7፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

ደግሞ ጠፋ። የውሃ ማሞቂያው በዚህ ሳምንት ስንቴ እንደጠፋ እንጃ። ካፊላችን፣ አሠሪያችን አቡ ናስር (አ/ና ብዬ ልጻፈው፤ ለሙሉ ስሙ ቀለም አላባክንም) ባለሙያ አይጠራም። ራሱ ይፈታዋል። እኔ ባትሪ አበራለታለሁ። እጄ ከተንቀጠቀጠ ይቆጣል። ናፍጣ የሚረጨውን ጫፍ አውጥቶ አጸዳ። እሳቱን የምታየውን ትንሽ የመስታወት ዓይንም ጠረገ። ጥላሸት ለብሳ ነበር። እሷ ካላየች እሳት የለም ብላ ናፍጣውን ትዘጋለች። ገጠመና ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። እሳቱ አጓራ። ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ አለቀ ችግር የለም ብሎ እጁን በእኔ ፎጣ ጠረገ።

ቤተሰቡ እንደ ዓርብ ልማዱ ለምሳ ዳማም ሄደ። ወዲያው ጎረቤት ቪላ የምትሠራው አስቴር በጓሮ በር ገባች። ሾፌሩ ማርቆስም ከኾባር መጣ። እዚህ ሳውዲ መዝሙር ክልክል ነውና፣ የምንዘምረው ተደብቀን እዚያው ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ጩኸቱ ድምፃችንን ይውጥልናል። ባለፈው ወር የጎረቤት ዘበኛ ማን ነው የሚዘፍነው ብሎ ከጠየቀ ወዲህ፣ ማርቆስ የግድግዳውን አየር ማስገቢያ በአሮጌ ብርድ ልብሴ ወትፎታል። ከናፍጣው በርሜል ጀርባ ስለሆነ አ/ና አያየውም። እዚያው ይኑር ብለናል።

በር የምትጠብቅልን ዘሀራ ናት። የወሎ እስላም። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች፤ ከማሞቂያው የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ማስታወሻዬ፣ አንተን እንድጽፍብህ በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ውለታዋ አንዳንዴ ያንገሸግሸኛል።

ጥር 10፣ ሰኞ

ዘሀራ ዛሬም ራሴን አለች። ሽንኩርቱን ትታ ቁጭ። የሁለት ሰው ሥራ የምሠራው እኔ። ተናገርኳት፣ ክፉ ተናገርኳት። ቢላዋዋን መልሳ አነሳች። ማዳም፣ የአ/ና ሚስት፣ ፓናዶል ሰጠቻት።

ግድግዳችን ላይ ጥቁር ነገር ወጥቷል። ወለወልኩት። እኔም ጠዋት ስነሳ ያዞረኛል። እርጅና ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ጥር 13፣ ሐሙስ

ጠፋ። አ/ና ሥራ ላይ። የማዳም እናት ልትታጠብ ገብታ ሙቅ ውሃ የለም። ጩኸት። ማዳም ሄደሽ ቁልፉን ተጫኚ አለችኝ። ተጫንኩ። አልያዘም። ደገምኩ። አሁንም ደገምኩ። የመስታወት ዓይኗን አውጥቼ በሻሼ ጠረግኋት፣ መለስኳት፣ ተጫንኩ። ለካ ናፍጣው ውስጥ ሲጠራቀም ነበር። ባንዴ ያዘ። ጓ! የማሞቂያው ክዳን ተወረወረ፤ ቅንድቤ ተለበለበ። ማዳም የጠየቀችኝ ውሃው ሞቀ ወይ ብላ ነው።

አንድ ነገር አየሁ። የክፍሉ በር ክፍት ሳለ ነበልባሉ ጥርት ይላል። ስዘጋው ይደፈርሳል፣ ይንቦገቦጋል፣ ያጨሳል። ምክንያቱ አልገባኝም። ደስ ግን አላለኝም።

ጥር 14፣ ዓርብ፣ አመሻሽ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢጣመም ቻለኝ።

አስቴር በመዝሙሩ መሐል ወደቀች። መንፈስ ቅዱስ ነካት አልን። ማርቆስ እጁን ጫነባት፣ ሃሌሉያ አለ። እሷ ወለሉ ላይ ተዘርግታ እኛ ዘመርን! እንዲያውም ቀናሁባት። እኔን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንድ ቀን እንዲህ አልጎበኘኝም ብዬ።

ዘሀራ በሩን በረገደችው።

«ምን ሆናችኋል? ልጅቷ እኮ እየሞተች ነው!»

«ተያት፣ መንፈስ ነው» አላት ማርቆስ።

«የናንተ መንፈስ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል እንዴ?» ብላ አስቴርን በብብቷ ጎትታ ግቢ አወጣቻት።

አስቴር አስታወከች። ራሴን፣ ራሴን አለች። ልክ ዘሀራ ጠዋት ጠዋት እንደምትለው። ያኔ የትናንቱ ነበልባል ትዝ አለኝ። ተመልሼ ከበርሜሉ ጀርባ እጄን ሰደድኩና ብርድ ልብሱን ሳብኩት። ከሰል መስሏል። እሳቱን እኛው አፈንነው፣ እሱም እኛን። እኔ አ/ናን ስረግም ከርሜ። ዘሀራን ሰነፍ ስል ከርሜ።

ጥር 17፣ ሰኞ

ነበልባሉ ጠርቷል። ዘሀራ ራሴን አላለችም። ጫፉን ያጸዳሁት እኔ ብሎ አ/ና ይኮፈሳል። ይኮፈስ።

ማርቆስ ደወለ። ለዓርብ ብቻ መልሰሽ ወትፊው እህቴ፣ ጌታ ይጠብቀናል አለኝ። አስቴር ደግሞ ከእሱ ባሰች። ብርሃን አይቻለሁ፣ እትዬ ቀንተሽ ነው በናፍጣ ያሳበብሽው አለችኝ። መቅናቴንስ በምን አወቀች? ተመልሳ እዚያው መውደቅ ነው የምትፈልገው።

ቀዳዳው ከተከፈተ ዘበኛው ይሰማል። ከሰማ ሁላችንም ኹሩጅ፣ የመውጫ ማህተም፣ ተመትቶብን ወደ አገር። ዘሀራም ጭምር፣ በር ጠብቃለች ተብላ። ከተዘጋ ደግሞ አንዷን እንቀብራለን።

ጥር 21፣ ዓርብ

ቤተሰቡ ወጣ። ብርድ ልብሱን ቀድጄ ወለል መወልወያ አድርጌዋለሁ። ማርቆስ ግን የራሱን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ማሞቂያውን አጠፋሁት። ውሃው ይቀዝቅዝ፣ ማዳም ትጩህ። እሳት የሌለበት ክፍል ሰው አይገድልም። ድምፅም አይደብቅም። በሹክሹክታ እንጸልይ ካሉ እሰየው። ካልሆነ ቀዩ ቁልፍ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ማንም አይነካውም።

ጸጥታው ያስፈራል። የዘሀራ ነጠላ ጫማ ከውጭ በር እስከዚህ ይሰማል።

መኪና ቆመ። ማርቆስ ነው፣ ብርድ ልብስ ታቅፏል። አስቴር ከኋላው። ጸጥታውን ሰምታ ቆመች። ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች። እዚያው ግቢው መሐል፣ ሰማይ ስር፣ አፏን ከፍታ ጮክ ብላ መዘመር ጀመረች።