ጉልበቱስ ዳነለት?

ጉለሌ፣ ጥር 1975 ዓ.ም.

ውድ አድነው፣

ደብዳቤ በ«ውድ» ይጀመራል ብዬ ተማሪዎቼን የማስተምረው እኔው ስለሆንኩ ነው እንጂ ቃሉ ለአንተ አይገባህም ነበር።

ሽማግሌዎችህ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። የሰፈራችን ሰው አቶ ቶለሳና የንስሐ አባትህ መምሬ ስብሐት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡና አባቴን እኔን ለአንተ እንዲሰጥህ ጠየቁት። አባቴም «እሷ ሳትናገር እኔ አፍ የለኝም» አላቸው። ስለዚህ መልሱን የምትሰማው ከእኔ ነው። ይህ ደብዳቤ ጀርመን አገር ላይፕዚግ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይነካዋል፤ በመንገድ የሚከፍተው ካለም ያንብበው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተደረገ ነገር ምን ምስጢር አለው?

መጀመሪያ ግን ጥያቄውን ላንሳ። አምና ጉለሌ በሙሉ ሲከራከርበት የከረመውን ማለቴ ነው። በአዲሱ ገበያ አውቶቡስ ፌርማታ፣ በጠጅ ቤቱ፣ በእኛ በመምህራን ማረፊያ ሳይቀር ወሬው አንድ ነበር። የክር ፋብሪካው ቡድን እንዲህ የተንኮታኮተው በአሠልጣኙ ነው ወይስ በተጫዋቾቹ? የአሠልጣኙ ልጅ ስለሆንኩ፣ አምበሉን አንተን እንደምወድህም ሰፈሩ ስለሚያውቅ፣ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ዛሬ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ።

የአባቴን ልማድ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ቡድኑ ሲሸነፍ፣ ታኬታችሁን ስትፈቱ መሀላችሁ ይቆምና «ዛሬ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተ ታጠቡና ወደየቤታችሁ ሂዱ» ይላል። ስታሸንፉ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዳችሁን እጅ ይጨብጥና ምንም ሳይናገር ይወጣል። ልጅ ሆኜ «ለምን ትዋሻለህ አባዬ? ኳሷን የለቀቃት በረኛው አይደለም ወይ?» ብዬው ነበር። «መልቀቁን በረኛው ራሱ ያውቀዋል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ እዚያው ጎል ላይ መቆም አለበት» አለኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ከዚያ የጉልበትህ ነገር መጣ። ጥቅምት ላይ ነበር። አባቴ ለሰፈር ዋንጫ እንዳትጫወቱ ከልክሏችሁ ሳለ አንተ ተደብቀህ ቁስቋም ወጣህ፤ ጠጠር ብቻ በሆነው ሜዳ ላይ ወደቅህ። እያነከስክ ወደ ቤታችን ስትመጣ በዋናው በር አልገባህም፤ በጓሮ በኩል ነው የገባኸው። ጉልበትህ አብጦ ሱሪህን ወጥሮት ነበር። ውሃ አሙቄ ጨው ጨምሬ የዘፈዘፍኩልህ፣ በእናቴ መቀነት ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። አባቴ ሳናስበው ከኋላችን መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም፣ ጋሽ ዓምሃ። ትንሽ ተጋጭቼ ነው።»

ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጮህክ።

«ትንሽ ነው ያልከኝ?»

ያኔ አለቀስክ። «ለኮሚቴው እንዳይነግሩብኝ» አልከው። «ከቡድኑ ከወጣሁ ማቅለሚያ ክፍል ነው የሚመልሱኝ። አባቴን የገደለው ያ ቀለም ነው።»

እውነትህን ነበር። አባትህ በዚያ ክፍል ጢስ ሳንባቸው አልቆ ደም እያሳሉ ሲሞቱ ጉለሌ አይቷል። ኳስ የሚጫወት ሠራተኛ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠዋል፤ መጫወት ያቆመ ወደነበረበት ይመለሳል። አባቴ ተንበርክኮ እንዳለ መቀነቱን አጥብቆ መልሶ አሰረው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ይህን ነገር እኔና ልጄ ሙሉ እናውቃለን፤ ሌላ ሰው አይሰማም። እስኪድን ድረስ ቀስ እያልክ ትጫወታለህ። ጉልበት ይድናል፤ ሳንባ ግን አይድንም።»

ጉልበትህ ግን አልዳነም። ዘጠኝ ቁጥር ማሊያህን ለብሰህ መሀል ሜዳ ቆመህ ትቀር ነበር። ኳሷ ወደ አንተ ስትመጣ ስለ ጉልበትህ ስታስብ ታልፍሃለች። ተመልካቹ መጀመሪያ ያጉረመርም ነበር፤ ኋላ ግን ቀለደ።

«ይሄ ሐውልት የሚመረቀው መቼ ነው?»

«አበባ አምጡለት እንጂ!»

ከዚያ ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። «ሽማግሌው! ዓይን የለህም እንዴ? ቀይረው!» ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እኔ መሆኔን እያወቀ «ልጁን ሊድርለት ነው፣ እንዴት ብሎ ይቀይረዋል!» አለና ሜዳውን በሳቅ ሞላው። ዞሬ አየሁት። መልስ ነበረኝ፤ መልሱ ግን ያለው በጉልበትህ ውስጥ ነበር፣ እሱን ደግሞ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። በረኛው ሙዘይን አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጥቶ «ጋሽ ዓምሃ፣ እኮ አሥር ሆነን ነው የምንጫወተው» ብሎ ለመነው። አባቴ «አውቃለሁ ልጄ። አንተ ጎልህን ጠብቅ» አለው። ሙዘይን እንደተናደደ ሄደ። መጋቢት ላይ ቡድኑ ወደ ታችኛው ምድብ ወረደ።

ሚያዝያ ላይ በፋብሪካው አዳራሽ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ተነስቶ ራሱን ይከሳል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከሱታል። ስብሰባውን የመራው የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ብርሃኔ አንድም ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም፤ ሆኖም የሽንፈቱን «መደባዊ መሠረት» ለግማሽ ሰዓት አስረዳን። ከዚያ አባቴን አስነሳው።

አባቴ ሌላ ሰው የማይሠራውን ስህተት ሠራ። አዳራሹን መልበሻ ክፍል አደረገው። ኮፍያውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ጓድ ብርሃኔ ሳይሆን ወደ እናንተ አዙሮ፣ ለዓመታት የለመደውን ተናገረ።

«የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆቹን ተዉአቸው።»

እናንተ የምታውቁት ቃል ነበር። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲባል እንደ ብርድ ልብስ ያለብሳችሁ ነበር። ጓድ ብርሃኔ ግን እርሳሱን ወደ ጸሐፊው ቀስሮ «በገዛ አንደበቱ አምኗል፤ ይመዝገብ» አለ። ቀጠለና «ከተጫዋቾች በኩል ሂስ ያለው?» ብሎ ጠየቀ።

ሙዘይን ጫማውን ያያል። ማንም ባይነሳ ኖሮ ነገሩ ምናልባት በማስጠንቀቂያ ያልፍ ነበር። አንተ ተነሳህ። ሳታነክስ ነው የተነሳኸው፤ አስተውያለሁ።

«አሠልጣኙ ጊዜ ያለፈበት ሰው ነው» አልክ። «በቡርዧ አስተሳሰብ ነው የሚመራን። የደከመውን ተጫዋች ያውቃል፤ እያወቀም ያሰልፋል። ይህ አሻጥር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

አሻጥር! በዚህ ዘመን ያ ቃል ሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርገው የማታውቅ ሰው ብትሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም። የደከመው ተጫዋች አንተ ነህ። ያሰለፈህ ስለለመንከው ነው። ውሸትህን ከእውነት ቆርጠህ መስፋትህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ከጀርባ ወንበር ተነሳሁ። «ስለ ጉልበቱ ይናገር!» አልኩ።

«ጓዲት፣ የሠራተኛ ማኅበሩ አባል ነሽ?» አለኝ ጓድ ብርሃኔ።

«አይደለሁም፣ ነገር ግን...»

«እንግዲያው ቁጭ በዪ።»

አልተቀመጥኩም። አባቴ ዞሮ አየኝ። «ሙሉ» አለ፣ «ተዪው ልጄ።» ለጓድ ብርሃኔ አልቀመጥም ነበር፤ የተቀመጥኩት ለአባቴ ነው። ለምን እንዳስቀመጠኝ ታውቃለህ? ጉልበትህ ከተነገረ ማቅለሚያ ክፍል ትገባለህ። አንተ እየሰቀልከው እንኳ እሱ አንተን ከዚያ ጢስ ሊያድን እየሞከረ ነበር።

ክረምቱን በእስር አሳለፈ። ሲፈታ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጨምሮ ወጣ። አሠልጣኝነቱን ነጠቁትና የፋብሪካው በር ጠባቂ አደረጉት። ሜዳው ውስጥ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ጨዋታ ሲኖር ከአጥሩ ውጭ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ያያል። አንተ ደግሞ «ንቁ ወጣት» ተብለህ ለአሠልጣኝነት ትምህርት ተላክህ። ለአሠልጣኝነት! አውሮፕላን ልትሳፈር ስትወጣ እንኳ በፋብሪካው በር፣ በእሱ ፊት አልፈህ ነው የሄድከው። «ደህና ሁኑ» አላልከውም።

አሁን ወደ ሽማግሌዎችህ ልመለስ።

«አቶ ዓምሃ» አሉ አቶ ቶለሳ፣ «ያለፈው አልፏል። ልጃችን ትልቅ ቦታ ሊደርስ ነው። ሲመለስ ቡድኑን የሚረከበው እሱ ነው ተብሏል። በእርስዎም ላይ ቂም የለውም።»

«የምን ቂም?» አልኩ ከጓዳው በር።

እናቴ በዓይኗ ልታስወጣኝ ሞከረች። መምሬ ስብሐት በለሰለሰ ድምፅ ቀጠሉ። «ይቅር ብሏቸዋል፣ ልጄ። ደክሞኛል እያለ በግድ ያሰልፉት እንደነበር አጫውቶናል። ይህን በልቡ አለማኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።»

ይቅር ብለኸዋል! አባቴን!

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሊጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲጮህም ተመኘሁ። ቀና አለና «ጉልበቱስ ዳነለት?» አለ።

«የምን ጉልበት?» አሉ አቶ ቶለሳ። «ልጁ ደግሞ መቼ ጉልበቱን ታሞ ያውቃል?»

«ከዳነ ጥሩ ነው» አለ አባቴ።

እዚያ ላይ ነው የአንተ ነገር ለእኔ ያበቃው፣ አድነው። ጓድ ብርሃኔን ፈርተህ ነበር ብዬ ለራሴ ስነግረው የከረምኩት ሰበብ ነበረኝ። ጓድ ብርሃኔ ግን በመምሬ ስብሐትና በአንተ መካከል አልተቀመጠም። ለንስሐ አባትህ እንኳ ያን ጉልበት አልነገርካቸውም። ስለዚህ ቃሌን አፈረስኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከቁስቋሙ ጠጠር እስከ እናቴ መቀነት። አባቴ በዚህ ጊዜ «ተዪው» አላለኝም። መምሬ ስብሐት ሊባርኩ ያወጡትን መስቀል መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። አቶ ቶለሳ «ይህን እኛ አላወቅንም ነበር» አሉ። «አሁን አወቃችሁ» አልኳቸው። የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አባቴ ጥፋት የለበትም አልልህም። አንድ ልጅ ለማዳን ሲል የአሥር ልጆችን ድካም ከንቱ አስቀርቷል፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ እሱም «ልክ ነሽ» ብሎኛል። ሙዘይንም ዝም በማለቱ ጥፋት አለበት፤ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ አባቴ እግር ላይ ወድቋል። ሽንፈቱን እንዲህ እየተካፈልን መሸከም እንችላለን። ክፍሌ ውስጥ ተማሪ ሲወድቅም እንደዚያ ነው፤ ጥቂቱ የእሱ፣ ጥቂቱ የእኔ ነው። የአንተ ግን ከሽንፈት ጋር አይደመርም። መሸነፍ ሌላ፣ የተሸከመህን ሰው መሸጥ ሌላ ነው።

አንተን ማግባት ለሚለው መልሴ እምቢ ነው። ለዛሬም፣ ስትመለስም፣ ሌላ ሽማግሌ ብትልክም እምቢ ነው።

የማይቀር ነገር ደግሞ ልንገርህ። ትመለሳለህ፤ ቡድኑን ትረከባለህ፤ አንድ እሑድም ትሸነፋለህ፤ ማንም ይሸነፋልና። ስብሰባ ይጠራል። ንግግር የሚችል፣ ዓይኑ ወደ ላይ የሚያይ አንድ ወጣት ተጫዋች ይነሳብሃል። ያን ቀን አባል ነሽ አይደለሽም ቢሉኝም ከጀርባ ወንበር እገኛለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት አንደበት ይኖርህ እንደሆን ለመስማት እንጂ ልከስህ አልመጣም። ከዚያ በፊት ሰው ለመሆን ከፈለግህ መንገዱ ቀላል ነው። ለሠራተኛ ማኅበሩ በገዛ እጅህ ጻፍ፤ ስለ ጉልበትህ፣ በዚያው አዳራሽ እንዲነበብ። ብትጽፍም እኔ አንተን አላገባህም። አባቴ ግን ከአጥሩ ውስጥ ገብቶ ኳስ ያያል።

ይህን ስጽፍ አባቴ የዘበኛ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ሥራ ሊወጣ ነበር።

«ለእሱ ነው?» አለኝ።

«ለእሱ ነው።»

በሩን ከፈተ። «አገሩ ብርድ ነው ይባላል። በጨው ውሃ መዘፍዘፉን እንዳይተው በዪው» አለና ወጣ።

ወረቀቱን ልቀደው ነበር። ግን አባቴ ያዘዘኝን አላስቀርም፤ መልእክቱን አድርሻለሁ፣ ዘፍዝፈው። ውሃውን የሚያሞቅልህ ግን ሌላ ሰው ፈልግ።

የአሠልጣኝ ዓምሃ ልጅ፣
ሙሉእመቤት